ከሞንጎሎች በኋላ የመጣው

በ፳፻፫ ዓመተ ምሕረት በወርኃ ኅዳር፣ ዝናቡ አብቅቶ የጁባ አቧራ መነሣት በጀመረበት ሰሞን፣ የደቡብ ሱዳን ሕዝብ ከሰሜኑ ይለይ ወይም አብሮ ይኑር ብሎ ድምፅ ሊሰጥ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር፤ በከተማዋ በሃይ ማላካል ሰፈር በሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት ግን በጋምቤላ የስደተኞች መጠለያ አድጋ ወደ አባቷ አገር የተመለሰችው መምህርት ማግዳሌና ሞንጎሎች ቻይናን የገዙበትን ዘመን ታስተምር ነበር።

«ኩብላይ ካን አገሩን ጠቅልሎ ሲይዝ ሕዝቡ በአራት ማዕረግ ተከፈለ፤ ሞንጎሎቹ ከላይ፣ ከምዕራብ ያመጧቸው ባለሟሎች ቀጥሎ፣ የሰሜን ቻይና ሰዎች ሦስተኛ፤ በቁጥር የሚበዙት ደግሞ ከሁሉ በታች ሆኑ። እነማን ይመስሏችኋል?»

«ጀኑቢን» አለች ግሎሪያ የተባለች ተማሪ በጁባ ዐረብኛ፤ ደቡቦች ማለቷ ነበር፤ መልሱም ልክ ነበር። ማንም አልሳቀም።

ርእሰ መምህሩ አቶ ክዌት ማግዳሌናን ወዲያው አስጠሯት። እርሳቸውም በጋምቤላ ስደት የኖሩ ነበሩና ሌላ እንዳይሰማቸው በአማርኛ ተናገሩ።

«መምህርት፣ የሰሜን ነጋዴዎች ልጆቻቸውን እዚህ ያስተምራሉ። ድምፁ እስኪያልፍ ይህን ምዕራፍ ይዝለሉት።»

«የሰባት መቶ ዓመት ነገር እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«የትናንት ይመስላላ።»

«እንዲያ ከሆነማ አልዘለውም» አለችና ትምህርቷን ቀጠለች።

ጥር ላይ ሕዝቡ ተሰልፎ መለየትን መረጠ፤ ሐምሌ ሲገባ አዲሱ ባንዲራ ተሰቀለ። ትናንት የፈሩት በማግሥቱ ጀግና ሆነው ተገኙ፤ አቶ ክዌትም ያንኑ ትምህርት በሹማምንት ፊት እንድትደግመው አዘዟት።

«አንድ የቻይና ገበሬ ልጅ ተነሥቶ ሞንጎሎቹን ወደ ሰሜን ካባረረ በኋላ፣ እዚያ ላይ ይቁሙ» አሏት።

እዚያ ስትደርስ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ማግዳሌና ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀችና ቀጠለች።

«ያ ነፃ አውጪ ከነገሠ በኋላ ግን አብረውት የተዋጉትን ከነቤተሰባቸው አስፈጀ። ቻይናውያን ከሞንጎል ቀንበር ወጡ፤ ከፍርሃት ግን አልወጡም።»

ከፊት የተቀመጡ አንድ ሹም ቀና አሉ። «ስለ ማን ነው የምትናገሪው?»

«ስለ ቻይና ነው፣ ክቡርነትዎ። እርስዎስ ስለ ማን መሰለዎ?»

በማግሥቱ ከሥራዋ ተሰናበተች። በሙኑኪ ሰፈር ምግብ ቤት የነበራት ኢትዮጵያዊቷ አረጋሽ ግቢዋን ጠዋት ጠዋት ለቀቀችላት፤ ግሎሪያና ጥቂት ጓደኞቿም ለመማር ተከትለዋት መጡ።

የዚያን ዓመት ታሪክ የከተቡ ሰዎች የድምፁን ውጤትና የሹማምንቱን ማዕረግ አሟልተው ጻፉ፤ ሹሙ ሳይመልሱት የቀሩትን ጥያቄ ግን የመዘገበ አልተገኘም። ያስታወሱት በአረጋሽ ግቢ የተማሩት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ነፃ አውጪዎቹ እርስ በርሳቸው የተፋጁበት ክፉ ዘመን በመጣ ጊዜ፣ አልተነገረንም ማለት አልቻሉም።