ክስም እንደ እጅጌ ይፈታል

ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷ ስለሚቆርጥ ሰፈርተኛው «እትዬ መቀስ» ይላታል። ከሱቋ በላይ ፀጉር ቤት አለ። ከዚያ የሚወርድ ውሃ ጨርቋን ሲያበላሽባት ከረመ። ፀጉር ሠሪውን «ውሃህን ያዝልኝ» ብላ ደጋግማ ብትነግረውም ጆሮ ዳባ ልበስ አላት። የሙሽራ ቀሚስ ሲበሰብስባት ግን ቱግ ብላ ፍርድ ቤት ሄደች፤ «ሆን ብሎ ከላይ እየደፋብኝ ነው፤ መድፋቱን ያቁምልኝ» ስትል ከሰሰችው። እሱም «አንድም ቀን አልደፋሁም» ብሎ መልስ ሰጠ።

ኋላ ሰውየው ለዘመድ ሠርግ በሩን ቆልፎ ሄደ። ውሃው ግን መንጠባጠቡን አላቆመም። አውቶብስ ነጂው ባሏ ወንበር ላይ ወጥቶ ኮርኒሱን ዳሰሰ።

«አየሽ፣ ደፊ በሌለበት ይወርዳል! የሚያፈሰው ቧንቧው ነው። የሰውየው ጥፋት አለማስጠገኑ ነው። ክስሽን አሻሽይ።»

«እኔ? ያልኩትን ልዋጥ? ሰው ሁሉ መቀስ ደነዘች ብሎ ይሳቅብኝ?»

«ያልደፋውን ደፋ እንዳልሽ ትረቻለሽ፤ ውሃውም መውረዱን ይቀጥላል። ያኔ ሱቁን ዘግተሽ ጃንጥላ ስፊ!»

«ጃንጥላም ቢሆን እሰፋለሁ እንጂ ቃሌን አላጥፍም!»

በማግስቱ አዲሱን የሙሽራ ቀሚስ ስታገላብጥ የቀኙን እጅጌ በግራ በኩል ሰፍታው አገኘችው። ምላጭ አንስታ ክሩን ትፈታ ጀመር።

«ምነው?» አለ ባሏ። «አንዴ ሰፍተሽዋል፤ እንደዚሁ ትልበሰው እንጂ!»

«አብደሃል? ደግነቱ ሙሽራዋ ገና አልለበሰችውም! አሁን ካልፈታሁት መቼ ልፈ…»

ምላጩን እንደያዘች ወደሚያፈሰው ኮርኒስ ቀና አለች። ባሏ እያፏጨ ወጣ።

በቀጠሮው ቀን ምስክር ሳይሰማ ብድግ አለች። «ክቡር ዳኛ፣ ክሴን ላሻሽል ይፈቀድልኝ። ሰውየው አልደፋም። ቧንቧው ነው የሚያፈሰው፤ ብነግረውም ችላ ብሎ ተወው።»

ፀጉር ሠሪው ዘሎ ተነሣ። «ክቡር ዳኛ፣ ክስ ካልሲ ነው እንዴ በየቀኑ የሚቀየረው?»

ችሎቱ በሳቅ ተሞላ። ዳኛውም ፈገግ አሉ። «ጠባችሁ ያው የሚወርደው ውሃ ነው፤ በእውነተኛው ምክንያት ቢዳኝ ይሻላል። ምስክር ገና አልተሰማም። ለተሻሻለው ክስ መልስ የሚያቀርቡበት ጊዜ ስለሚሰጥዎት አይጎዱም። ተፈቅዷል።» ወደ እርሷ ዞሩ። «እርስዎ ግን ሰው ለማጉላላት ወይም ነገሩ ሊቋጭ ሲል ቢመጡ ኖሮ፣ ላልፈቅድልዎት እችል ነበር።»

ደጅ ላይ ፀጉር ሠሪው ራሱን አከከ። «እትዬ፣ ቧንቧው እውነትም ያፈሳል። መጀመሪያ ችላ አልኩት፤ ኋላ ደግሞ ደፊ ሲሉኝ እልህ ይዞኝ ተውኩት።»

«እኔም እልኸኛ፣ አንተም እልኸኛ፤ መሐል ቤት የበሰበሰው ቀሚስ ነው። በል ሂድና አሠራው!»

መልስ የሚያቀርብበት ቀን ሳይደርስ ቧንቧው ተጠገነ፤ ክሱም በስምምነት ተዘጋ።

እናም እናንተ ሰዎች፣ ክሳችሁ ላይ የተሳሳተ ነገር ካያችሁ በጊዜ ለፍርድ ቤቱ ንገሩ። አንዴ ብያለሁ ብሎ ድርቅ ማለት እውነት የያዘን ሰው እንኳ ያስረታል።

ሙሽራዋም ሁለቱም እጅጌዎች በየቦታቸው ሆነውላት፣ እጇን ወደ ላይ እያነሣች ስትጨፍር ዋለች።