ፈቃዴን የመለሰችው ትርንጎ

የበደለችኝ ሲጋል ናት፤ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በሱኮት፣ በዳስ በዓል ዋዜማ። እኔ እስራኤል አገር፣ ቤርሼቫ፣ ኤመቅ ሳራ በሚባል የፋብሪካ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የዕቃ ማከፋፈያ ድርጅት የሪፖርት ሰርቨሩን የማስተዳድር ሴት ነኝ፤ የትኛው የጭነት መኪና የት እንደደረሰ፣ መጋዘን ውስጥ ምን እንደቀረ በቀለም የሚያሳዩትን ዳሽቦርዶች ሁሉ የሠራኋቸው እኔ ነኝ፣ ሲጋል ደግሞ ከእኔ በኋላ መጥታ አለቃዬ የሆነች ናት፣ እንዴት እንደሆነች አትጠይቁኝ።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ በመንፈስ፣ በዛር፣ በቡዳ አላምንም። ጎንደር ሳለን ጎረቤቶቻችን እኛኑ ቤተ እስራኤሎችን ነበር «ቡዳ ናቸው» እያሉ ልጆቻቸውን የሚደብቁብን፤ እንግዲህ እንዲህ ያለ ኃይል ቢኖር ኖሮ ከእኔ ቀድሞ ማን ያውቀው ነበር? ሲጋልንስ እስከዛሬ ዝም ብዬ አያት ነበር?

ያን ዕለት ጠዋት ዳሽቦርዶቹ ሁሉ ነጭ ሆነው ጠበቁኝ፤ ቀለም የለ፣ ቁጥር የለ፣ «ፈቃድ የለዎትም» የሚል ጽሑፍ ብቻ። ምክንያቱን ወዲያው አወቅኩት። ሲጋል ሳትነግረኝ የአስተዳዳሪነት ፈቃዴን አንስታለች፤ ዳሽቦርዶቹ መረጃውን የሚያነቡት በእኔ ስም ስለነበር፣ የእኔ ፈቃድ ሲነሳ እነሱም አብረው ታወሩ።

«ሲጋል፣ ፈቃዴን መልሺልኝ፣ አሁኑኑ ይስተካከላል» አልኳት።

«ታማር፣ ማሚ፣ አንቺው አበላሸሽው፣ አንቺው አስተካክይው» አለች ቦርሳዋን እያነሳች። «ከበዓሉ በኋላ ሥራ አስኪያጁ እንዲህ ነጭ ሆኖ ካየው፣ የስልክ ክፍል ሰው ይፈልጋል፣ እዚያ ትቀመጫለሽ። ሀግ ሳሜያህ!»

መልካም በዓል ብላኝ ለመዝናናት ወደ ባሕሩ ዳር ወደ ኤላት ነጎደች፣ ስልኳንም ዘጋች። ቀትር ላይ ሁሉም ወደየቤቱ ሄዶ እኔ ብቻ ቀረሁ፣ የራሴን ቤት በር እያንኳኳሁ የማይከፈትልኝ ዓይነት።

መጀመሪያ የሰማሁት የሰርቨሩን ክፍል በር ነው። ካርድ ሲነካው «ጢጥ» ይላል፣ ጢጥ አለ። ዞር ብል ማንም የለም፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ትሆናለች አልኩ። ቀጥሎ የሰርቨሩ ማራገቢያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ እንግዳ ሲገባበት ወሬውን እንደሚያቆም ሰው። ከዚያ ሽታው መጣ፣ እመኑኝ፣ የትርንጎ ሽታ፣ ልጣጩን በጥፍር ሲጭሩት የሚወጣው። በሱኮት ሰሞን ለበረከቱ ሲባል ትርንጎ የማይዝ የለም፣ ሃዒር ሃዓቲቃ፣ አሮጌው ከተማ ባሉ ሱቆች በር ላይ በሳጥን ተደርድሮ ይሸጣል፣ አንዱ ረስቶት ሄዶ ይሆናል ብዬ ጠረጴዛዎቹን ሁሉ አየሁ፣ የለም።

ተመልሼ ስቀመጥ የተጠቃሚዎች ገጽ ተከፍቷል። እኔ አልከፈትኩትም፣ ልክፈተው ብልም አይፈቅድልኝም። ከሲጋል ስም በታች አንዲት ሌላ አስተዳዳሪ ተጽፋለች፦ ትርንጎ። በአማርኛ ፊደል! ያ ሰርቨር የአማርኛ ፊደል ሲሰጡት ባዶ ሳጥን ከመደርደር በቀር አንድ ቀን ጽፎ አያውቅም።

እዚህ ላይ ስሜን ልንገራችሁ። ታማር ያለችኝ ወደዚህ አገር ስንገባ የመዘገበችን ሴት ናት፤ እናቴ ያወጣችልኝ ምትኬ ነው። ምትኬ የሚባለው መቼም ልጅ ሞቶ በምትኩ የተወለደ ነው፣ ከእኔ በፊት የሞተችው እህቴ ደግሞ ትርንጎ ትባል ነበር። ስሟን ከእናቴ አፍ በቀር ሰምቼው አላውቅም፣ እናቴም ካረፈች ቆየች።

ከስሟ ጎን «አሁን ገብታለች» ይላል፣ የገባችበትም ኮምፒውተር የእኔው። እጆቼ ግን ጭኔ ላይ ነበሩ። ገጹ ብልጭ አለና «ታማር» የነበረው ስሜ «ምትኬ» ሆኖ፣ ከጎኑ «አስተዳዳሪ» የሚለው ተመልሶ መጣ። ፈቃድ የሰጠው፦ ትርንጎ። ዳሽቦርዶቹም ተራ በተራ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ እያሉ ነፍስ ዘሩ። እኔ ፈርቼ ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

ስወጣ ጥበቃው አባባ ካሴ በሩ ላይ ተቀምጠዋል።

«ምትኬ፣ እህትሽስ? ጨረሰች?»

«የምን እህት?»

«ቅድም የገባችው ናታ! ቁርጥ አንቺን፣ ትርንጎ ይዛ፣ ‹የምትኬ ታላቅ ነኝ› አለችኝ። ስትወጣ አላየኋትም።»

«አባባ፣ ጠላ ቀምሰዋል?»

«ውሃ እንኳ አልቀመስኩ! ምነው፣ በበዓል ዋዜማ ከእህትሽ ተጣላሽ?»

«እየመጣች ነው» ብያቸው ወደ አውቶቡሱ ሮጥኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ።

ከበዓሉ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ዳሽቦርዶቹን አይቶ «ዮፊ!» አለ፣ ግሩም ማለቱ ነው፣ እኔም ወንበሬ ላይ ቀረሁ። ሲጋል ግን ፊቷ ቀልቶ መጣች። የተጠቃሚዎች ገጽ ላይ የማታውቀውን ፊደል በጣቷ እየጠቆመች፣ «ታማር፣ ይህ ምን ይላል?» አለችኝ።

«ትርንጎ።»

«ትርንጎ ምንድን ነው?»

«ኤትሮግ» አልኳት፣ ትርንጎን በዕብራይስጥ።

«ኤትሮግ ሰርቨሬ ላይ ምን ይሠራል?»

«በዓል አይደል» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ሰርቨሩ በአዲስ ተቀይሯል፣ የአዲሱም ገጽ ከትርንጎ ስም ጎን እስከ ዛሬ ድረስ «አሁን ገብታለች» ይላል። አባባ ካሴም አንዳንዴ «ያቺ እህትሽ ሳትወጣ ቀረች» ይሉኛል፣ እየቀለዱ ይሁን አይሁን አልጠየቅኳቸውም።

ሲጋል ስለ ኤትሮጉ የጠየቀችኝ ዕለት ግን፣ ከክፍሌ ስትወጣ ፈቃዷን ከአስተዳዳሪ ወደ ተመልካች አወረድኩት። ትርንጎን አልሰረዝኳትም።