ነፋስ ያላነሳው ድንጋይ

ጋሩማ ከቤቱ ጀርባ ጭንቅላቱ ተፈርክሶ ተገኘ። ትናንት ከሰዓት ጉቶ ጊዳ ወረዳን የመታው ወጀብ የቤቱን ቆርቆሮ ገሽልጦ ወስዶታል፤ ሰውም «ከጣሪያ የወደቀ ድንጋይ ገደለው» ብሎ ቀብሩን ለስድስት ሰዓት ቀጠረ። ከነቀምቴ የተጠራችው ኢንስፔክተር ሊሊሴ ግን የተቻኮለ ቀብር አትወድም።

የሟች ልጅ ሜቲ መሬት ላይ ተደፍታለች። «እኔ ነኝ የገደልኩት! ቆርቆሮው እንዳይነሳ ብዬ ድንጋዮቹን አምና የደረደርኩት እኔ ነኝ!»

«ስንት ነበሩ?» አለቻት ሊሊሴ።

«ስድስት።»

የሟች ወንድም ተረፋ ትከሻዋን አቅፎ «አይዞሽ፣ የጌታ ፈቃድ ነው» ይላታል።

ሊሊሴ ወደ ጎረቤቱ ወደ ቀነአ ዞረች። «ከሟች ጋር በከብት ተጣልታችሁ ነበር አሉ?»

«ተጣልተናል፤ ታርቀናልም። ወጀቡ ሲመጣ ቤቴን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ምንም አላየሁም።»

«እርስዎስ፣ ኦቦ ተረፋ?»

«ላግዘው እየሮጥኩ መጣሁ። ድንጋዩ ከጣሪያው ሲወርድበት በዓይኔ አየሁ! ምን ላድርግ?»

ሊሊሴ የተበተኑትን ድንጋዮች አንድ በአንድ ገለበጠች። ከቤቱ ጀርባ፣ በወንድማማቾቹ ማሳ መካከልም ውሃ የቋጠረ ጉድጓድ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ቆየች። ከዚያ ሁሉንም ጠራች።

«ሜቲ፣ ነይ። የዚህን ድንጋይ ሆድ ዳብሺው። ምን አለው?»

«ዝገት።»

«ዓመት ሙሉ የዛገ ቆርቆሮ ላይ ተቀምጦ ዝገት የማይዝ ድንጋይ የለም። ስድስቱም ይዘዋል። አባትሽን የገደለው ሰባተኛው ነው፤ ሆዱ ላይ ያለው የሣር ሥር ብቻ ነው። ጣሪያ ወጥቶ አያውቅም። የወሰን ድንጋይ ነው፤ ጉድጓዱም በልኩ ነው።»

«ያ ዋቃዮ!» አለ ቀነአ።

«ወጀቡ ሰውን ሁሉ ቤት ሲያስገባ አንዱ ወሰን ሊገፋ ወጣ። ጋሩማ ጣሪያውን ሊያይ ወጥቶ እጅ ከፍንጅ ያዘው። ታዲያ ጣሪያ ላይ ያልነበረ ድንጋይ ሲወድቅ አየሁ ያለን ማነው?»

አወይ ሰው! ዓይን ሁሉ ተረፋ ላይ አረፈ።

«ልገድለው አልነበረም… አንድ እርምጃ መሬት ነበር…»

ሜቲ ከወደቀችበት ተነስታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«አጎቴ፣ እኔ ገደልኩት እያልኩ ሳድር እንባዬን ስትጠርግልኝ የነበርከው አንተ ነህ። አንድ ቃል እንኳ አቃተህ?»

ሜቲ እንግዲህ ስለ አባቷ ብቻ አለቀሰች።