በራሱ አፍ

ሰሀር ከመህዲ መልክ በፊት ያወቀችው አፉን ነው።

ያኔ የጥርስ ሕክምና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች። ኮልፌ 18 ማዞሪያ አጠገብ ባለ ጤና ጣቢያ ነፃ የአፍ ምርመራ ሲሰጥ፣ ከተሰለፉት አንዱ መህዲ ነበር። ዕድሜው ሃያ ዘጠኝ፤ እዚያው ማዞሪያው ላይ የመጋረጃ ጨርቅ ይሸጣል። ወሬው የማያልቅ ሰው ነው። ወንበሩ ላይ ተጋድሞም አላረፈም።

«አፍህን ክፈት» አለችው።

«ሰው ሁሉ ዝጋ ነው የሚለኝ። ክፈት ያልሽኝ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ።»

ሳቋን ከማስኳ ስር ደበቀች። ምላሱን በፋሻ ይዛ ወደ ጎን ስትስበው ግን ጠርዙ ላይ ነጭ፣ መሀሉ የቆሰለ ነገር አየች። ጣቷን ስታሳርፍበት ጠንካራ ነው። ሳቋ ጠፋ። ምላሱን ለቀቀችለት።

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከረመዳን በፊት። ጥርሴ የነከሰኝ መስሎኝ።»

ሪፈር አጻፈችለት። ብቻውን እንደማይሄድ ስለጠረጠረች ሆስፒታል ድረስ አብራው ሄደች። የመመረቂያ ጥናቷ በአፍ ካንሰር ላይ ነበርና፣ ከሚወሰድለት ናሙና ትንሽ ለጥናቷ እንዲሰጣት ጠየቀችው።

«ላንቺ ከሆነ ሙሉውን ውሰጂው» ብሎ ፈረመ።

ውጤቱን የጠበቁባቸው ሦስት ሳምንታት፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላም ሰሀር የምትናፍቃቸው ናቸው። እሱ ሱቁን በጊዜ ይዘጋና ወደ አስኮ፣ ወደ ቤቷ የሚወስዳትን ታክሲ እስክትይዝ ፌርማታው ላይ አብሯት ይቆማል። ታክሲ ሲመጣ «ይሄ ሞልቷል» ይላታል። ታክሲው ባዶውን ነው። እሷም «አዎ፣ ሞልቷል» ትላለች። ስሟን ሲጠራ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ር» በምላሱ ያንከባልላት ነበር። ያቺን «ር» ከዚያ በኋላ ሰምታት አታውቅም።

ውጤቱ ካንሰር ሆነ። የሰሀር አማካሪ ዶክተር ራዕይ ለመህዲ ራሷ ነገረችው፤ ከምላሱ ሲሶ ያህሉ በፍጥነት መቆረጥ አለበት። ከክፍሉ ሲወጣ ሰሀር ኮሪደሩ ላይ ትጠብቀው ነበር።

«ሐኪሞቹ ሦስት ወር ብቻ ይታገሡኝ» አላት።

«ለምን?»

«አባትሽ ዘንድ እስክሄድ። ሽማግሌ እልካለሁ፤ ግን እኔም ከኋላቸው መግባት እፈልጋለሁ። ልጅዎን ወድጃታለሁ ማለት የምፈልገው በራሴ አፍ ነው። ተቆርጬ ስንተባተብ ምን ይሉኛል?»

ሰሀር ይህን ቃል ስንት ቀን ጠብቃዋለች። ልቧ ቀለጠ፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ተናደደች። እጅጌውን ይዛ ወደ ላቦራቶሪው ወሰደችውና ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጠችው።

«ያንተ ናሙና ነው። ቡናማው ይታይሃል?»

«ዝገት ይመስላል።»

«ኢንዛይም ነው። ሰውነታችን ቁስል ሲጠግን የተጎዳውን ህብረ ህዋስ የሚያፈርስበት። ካንሰሩ ግን ያለ ልክ እንዲመነጭ ያደርገዋል። ስር ያለችው ስስ መስመር አጥር ናት በላት። እዚህ ጋ ተበጥሳለች፤ ኢንዛይሙ በልቷታል። ካንሰሩ በዚያ ሾልኮ ወደ ውስጥ ገብቷል። አንተ ሦስት ወር ስትል እሱ አይጠብቅህም። ቀጥሎ የሚሄደው ወደ አንገትህ ነው።»

መህዲ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሳ ጠየቃት።

«የገዛ ሰውነቴ ነው መንገድ የከፈተለት?»

«አዎ።»

«አባትሽስ?»

«አባቴን ለእኔ ተወው።»

በዚያው ቀን ወደ ማታ አባቷን፣ የብረታ ብረት ነጋዴውን ሐጂ ሰይፈዲንን፣ ብቻቸውን አገኘቻቸው።

«ሰኞ ምላሱ ላይ ኦፕራሲዮን የሚደረግ ሰው አለ። ሲድን ሽማግሌ ይልካል። እሺ ይበሉልኝ፣ አባዬ።»

ሐጂ ተቆጡ። «በሽተኛ ስታስታምሚ እንድትኖሪ ነው ያስተማርኩሽ?»

«አዎ አባዬ፤ ለዚሁ ነው ያስተማሩኝ።»

ሐጂ እሺ አላሉም። መህዲ ተቆረጠ፣ ጨረር ወሰደ፣ ከሳ፤ ስምንት ወር ሙሉ አባትና ልጅ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገሩም።

አንድ ቅዳሜ ሐጂ ማንነታቸውን ሳይናገሩ የመህዲ ሱቅ ገቡ። ልጁ ለአንዲት ደንበኛ ያልገባትን ቃል ሦስቴ ደገመላት፤ አልገባት ሲል ሳቀና ወረቀት ላይ ጻፈላት። ሴትዮዋም አብራው ሳቀች። ሐጂ የማይፈልጉትን መጋረጃ ገዝተው ወደ ቤት ገቡ፤ ሰሀር ፊት አስቀመጡትና «ሽማግሌዎቹ ይምጡ» አሉ።

የኒካህ ዕለት ወንዶቹ ሳሎኑን ሞሉት፤ ሰሀር ከጓዳው በር ኋላ ቆማለች። ሙሽራው የሚጠበቅበት አንድ ቃል ነው፤ «ቀበልኩ» ማለት። ሐጂ እንደ ሥርዓቱ የመህዲን እጅ ይዘው ሳለ ሼኹ ጠየቁት። ከመህዲ አፍ የወጣው ድምፅ ተድበስብሶ ቀረ።

«ራሱን ይነቅንቅ፣ ይበቃዋል» አለ አንዱ።

«ተዉት!» አሉ ሐጂ ሰይፈዲን፤ የመህዲን እጅ አልለቀቁም። «በራሱ አፍ ይናገር። እኔ አልቸኩልም።»

መህዲ ምራቁን ዋጠ። ከዚያ እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው እያነሳ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ቀ... በል... ኩ።»

«ሰማሁ ልጄ» አሉ ሐጂ።

ጓዳ ውስጥ ሴቶቹ እልል አሉ። ሰሀር ግን በሩን ተደግፋ ታለቅስ ነበር።