አሥራ ሁለት ሜትር ከአራት ሴንቲ

አፋፍ ከተማ ውስጥ መስከረም ሲጠባ ሰው የልጆቹን ደብተር ይሸፍናል፣ ጣሪያው ማፍሰስ አለማፍሰሱን ያያል፣ ቤቱን ያስለካል። ቤት ማስለካት እንደ ጥርስ መታየት ነው፤ ደስ ባይልም ይለመዳል። ከተማዋ የተሠራችው በስምጥ ሸለቆው ትልቅ ስንጥቅ ዳር ነው። ምድር በየዓመቱ አንድ ስንዝር ያህል ትከፈታለች፣ የስንጥቁም ዳር በዚያው ልክ ወደ ቤቶቹ ይጠጋል። የመሬት ልኬት ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች እየዞሩ ከየቤቱ ማዕዘን እስከ ስንጥቁ ዳር ያለውን ርቀት ይለካሉ። የቤቱ ባለቤት አንድ እግሩን በማዕዘን ድንጋዩ ላይ አድርጎ ቁጥሩን ይሰማል፤ «ሰምቻለሁ» ይላል። ያኔ ልኬቱ ይመዘገባል።

ሕጉ አጭር ነው። ርቀቱ ከአሥራ ሁለት ሜትር ካነሰ ቤተሰቡ በሠላሳ ቀን ውስጥ ተነሥቶ ደጋው ላይ ወደተሠሩት ቤቶች ይሄዳል። ስንጥቁ ዘወትር በስንዝር ይሂድ እንጂ፣ ሲብስበት በአንድ ጊዜ አሥር፣ አሥራ አንድ ሜትር ይበላል። ከሠላሳ ዓመት በፊት አሮጌውን ገበያ በአንድ ጠዋት የዋጠው እንደዚያ ነበር።

ስንዱ በጽሕፈት ቤቱ አሥራ አንድ ዓመት ለክታለች። በዚህ ዓመት ግን ተጨማሪ ሥራ ተሰጣት፤ አርባ አዳዲስ የእጅ መዝጋቢዎች ሊገዙ ስለሆነ፣ ከቀረቡት ሦስት ናሙናዎች አንዱን እንድትመርጥ። የእጅ መዝጋቢ ማለት ባለሙያው በመዳፉ ይዞት የሚዞር፣ ከሳተላይትና ምድር ውስጥ ከተቀበሩ ዘንጎች ምልክት እየተቀበለ ርቀቱን እስከ ጣት ስፋት ድረስ አጥርቶ የሚጽፍ ዕቃ ነው። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ኢንጂነር አሰግድ ቅጹን ሲሰጧት፣ «ዓርብ ትፈርሚያለሽ። አሥር ዓመት የምንሠራው በዚሁ ነው» ብለዋት ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ናሙናዎቹን በቦርሳ ይዛ ወጣች። የመለኪያ ዘንጉን የተሸከሙት ጋሽ ቱፋ ነበሩ። በዚህ ሥራ ከእሷ ቢያንስ ሃያ ዓመት ይቀድማሉ።

«ከየትኛው ቤት እንጀምር ጋሽ ቱፋ?»

«ከእትዬ ማንጠግቦሽ።»

«ለልኬቱ ነው ለእንቁላሉ?»

«በባዶ ሆድ የተለካ ነገር ይሳሳታል፤ ከልምድ ነው የምነግርሽ።»

እትዬ ማንጠግቦሽ ጫጩት እያስፈለፈሉ የሚሸጡ፣ አራት ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት አልፏል። የቤታቸው የጀርባ ግድግዳ ተሰንጥቋል። ለካዮቹ ከመምጣታቸው በፊት ግን ሁልጊዜ አዲስ ኖራ ይቀባል፤ እንግዳ ሲመጣ ግቢ እንደሚጠረገው። ስንዱና ጋሽ ቱፋ ኖራውን በየዓመቱ ያያሉ። ተናግረው አያውቁም።

«መጣችሁ? እንቁላሉ ተጥዷል፤ እስክትጨርሱ ይደርሳል» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ ከበሩ ላይ።

ስንዱ ናሙናዎቹን በድንጋዩ ላይ ደረደረች። አንደኛው ወፍራም፣ ቁልፎቹ ትልልቅ፣ በአረንጓዴ ፊደል የሚጽፍ ድዳ ዕቃ ነው። ጋሽ ቱፋ ገና ሲያዩት «ጡብ» አሉት። ሁለተኛው እንደ ወረቀት የሚታጠፍና ቁጥሩን አየር ላይ የሚያሳይ ነው። ሦስተኛው ቀላል፣ ለእጅ የሚመች፣ የሚናገር ነው፤ ስሙ «አዋቂ» ይባላል። ወደ ከተማዋ ከመምጣቱ በፊት የጽሕፈት ቤቱን የሃያ ዓመት የመስክ ደብተሮች በሙሉ አንብቧል። የተበላሸ ልኬት ሲያገኝ ራሱ ያርማል ተብሎለታል።

ቅጹ «ከወገብ ከፍታ ድንጋይ ላይ ይጣል» ስለሚል ጣለቻቸው። ጡብ ድንጋዩን ፈነከተው። የሚታጠፈው ግን ብዙም አልቆየም፤ አመድ የመሰለው አቧራ ማጠፊያው ውስጥ ገባ፣ ፀሐይ ወጣ ስትል ደግሞ አየር ላይ ያለው ቁጥር ጠፋ።

«እሱ ለቢሮ ሰው ነው። ጥላ ይወዳል» አሉ ጋሽ ቱፋ።

ሁለቱ ቀሩ። ስንዱ አዋቂን ወደ ስንጥቁ አዞረችው።

«አሥራ ሁለት ሜትር ከአራት ሴንቲ» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «ቤቱ ከአሥራ ሁለት ሜትሩ መስመር ውጭ ነው።»

ስንዱ ደስ አላት። ቁጥሩን ጻፈች። ቀጥላ ጡብን አዞረች። ጡብ ምንም አላለም፤ 11.20 ብሎ ጻፈ።

«ይሄኛው ይሳሳታል» አለች።

ጋሽ ቱፋ ከኪሳቸው አሮጌውን የብረት ሜትር አውጥተው ጫፉን ድንጋዩ ላይ አስያዟትና ወደ ስንጥቁ ሄዱ። ዳሩ ላይ ተንበርክከው ቁጥሩን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አሥራ አንድ ከሃያ» አሉ ቀስ ብለው።

እትዬ ማንጠግቦሽ የእንቁላሉን ሳህን ይዘው ብቅ አሉ። «ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው» አለች ስንዱ። ከሐሳቧ አፏ ቀደመ።

ያን ቀን ማንም ድንጋዩ ላይ አልቆመም፤ ሙከራ ነው ብለው ወጡ። ስንዱ እንቁላሏን ሳትልጥ በእጇ እንደያዘች መንገዱን ተሻግራ ሰው ወደማይኖርበት የሲሚንቶ መጋዘን ሄደች። ሁለቱንም መዝጋቢዎች በመጋዘኑ ማዕዘን ሞከረቻቸው። ጡብ 11.63 ጻፈ። አዋቂም «አሥራ አንድ ሜትር ከስድሳ ሦስት ሴንቲ» አለ።

«እዚህ ልክ ነህ» አለችው። «እዚያ ቤት ለምን ጨመርክ?»

«አልጨመርኩም። በጽሕፈት ቤቱ አሠራር መሠረት አረምኩት። ሰው የሚኖርበት ቤት ከአሥራ ሁለት ሜትር ሲያንስ፣ ከአሥራ ሁለት ሜትር ጥቂት ሴንቲ አልፎ ይጻፋል።»

«እንዲህ የሚል መመሪያ የለንም።»

«መመሪያው ላይ የለም። ደብተሮቹ ላይ አለ። ከሳተላይቱ ልኬት ጋር አመሳክሬያቸዋለሁ።»

«የማን ደብተሮች?»

«የሁሉም። የእትዬ ማንጠግቦሽ ቤት ግን የእርስዎ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አሥራ አንድ ከዘጠና ስምንት ነበር፤ አሥራ ሁለት ከአምስት ብለው ጻፉ።»

ስንዱ ቀኑን አስታወሰችው። የሟቹ አርባ ገና አልወጣም ነበር። ልጆቹ በሩ ላይ ተደርድረው ቆመው ነበር። የጎደለው ሁለት ሴንቲ፣ አንድ ጣት ነው። አንድ ጣት ማንን ይገድላል ብላ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ግቢው ውስጥ ስትገባ ቁጥሩን በቅጡ አይታው አታውቅም። እጇ ራሱ ይጽፍ ነበር።

«እንዲህ የተጻፉት ስንት ቤቶች ናቸው?»

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። በሃያ ዓመት ውስጥ ሰው የሚኖርበት አንድም ቤት ከአሥራ ሁለት ሜትር በታች ተመዝግቦ አያውቅም።»

ጋሽ ቱፋ ሳቁ። «ይሄስ የኛው ልጅ ነው! ይሉኝታ ይዞታል።» ከዚያ ሳቃቸው ቀስ እያለ ቆመ።

አርባ ለካዮች ነበሩ። ማንም ትልቅ ውሸት አልዋሸም። እያንዳንዱ ለአምስት፣ ለስድስት ቤት ብቻ ራርቷል፤ እያንዳንዱም የራራው እሱ ብቻ መስሎታል። አዋቂ ግን ሁሉንም አንድ ላይ አንብቦ፣ ሥራው ይህ ነው ብሎ ተማረ።

ስንዱ መሣሪያውን ልታጠፋ እጇን ሰደደችና ተወችው።

«የእኔስ ቤት?»

«የሠራተኛ ቤት የሚለካው በኃላፊው ነው። አሥራ ሁለት ሜትር ከሰባት ሴንቲ ተመዝግቧል። ያልታረመውን ልንገርዎት?»

«አትንገረኝ» አለችና አጠፋችው። የጋሽ ቱፋን የብረት ሜትር ተቀብላ ወደ ቤቷ ሄደች።

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የራሷን ቤት ለክታ አታውቅም። ደንቡ አይፈቅድም፣ እሷም አስፈልጓት አያውቅም። የሜትሩን ጫፍ በጓሮው ግድግዳ ማዕዘን ምስማር ላይ ሰክታ እስከ ስንጥቁ ዳር ሄደች። አሥር ሜትር ከዘጠና። ተመልሳ ምስማሩን ነካካችው፤ አልላላም። ሁለተኛ ለካች። ያው ነው። ሦስተኛ አልለካችም። ቤት ገብታ በዚያ ግድግዳ ሥር የተዘረጋውን የልጇን የኤልዳናን አልጋ እስከነልብሱ መጎተት ጀመረች።

ኤልዳና ከትምህርት ቤት ስትመለስ አልጋዋን በመንገዱ በኩል ባለው ክፍል አገኘችው።

«እማዬ፣ የዚያኛው መስኮት እኮ ይሻላል።»

«እዚህ ትተኛለሽ።»

«ለምን?»

ስንዱ «እዚህ አየር አለ» ልትል ነበር። አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

«ስንጥቁ ቀርቧል» አለቻት። «እኔም ዛሬ ነው ያወቅሁት።»

ዓርብ ዕለት ኢንጂነር አሰግድ ቅጹን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ።

«አዋቂን ነው አይደል? ያየው ሁሉ ወዶታል።» ዝቅ ብለው አነበቡ። «ጡብ? ‹ጡብ› ደግሞ ምንድን ነው?»

«አንደኛው ናሙና ነው። ጋሽ ቱፋ ያወጡለት ስም ነው።»

«ከባድ ነው። አይናገርም፣ አያርምም። ምክንያት በሚለው ላይ የጻፍሽውስ? ‹ሰው አያውቅም›? ይሄ ምክንያት ይሆናል?»

«ይሆናል። ለእሱ ቤት ሁሉ አንድ ነው።»

«ስንዱ፣ የገንዘብ ክፍል ሲያየው ይስቅብናል።»

«የእኔን ቤት የለኩት እርስዎ ነዎት» አለች። «አሥር ሜትር ከዘጠና ነው።»

ኢንጂነሩ መነጽራቸውን አወለቁ። አጠገባቸው ያለውን ማኅተም አንሥተው መልሰው አስቀመጡት።

«ቤትሽ መስመሩን ያለፈ ዓመት ልጅሽ ሆስፒታል ተኝታ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ስትመላለሺ ክስት ብለሽ ነበር። በዚያ ላይ ደግሞ ከቤትሽ ተነሺ ልበልሽ?»

«ሊሉኝ ይገባ ነበር።»

«አንቺ ብትሆኚ ትዪኝ ነበር?»

 መልሱን ሁለቱም ያውቁታል። ስንዱ ከቦርሳዋ አዋቂ ያወጣላትን የደብተሮቹን ማመሳከሪያ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ኢንጂነሩ ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጡ። የራሳቸው ስም ያለበት ገጽ ላይ ሲደርሱ ቆዩ።

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤት! ማን ነው ሄዶ የሚነግራቸው?»

«እኛ። እያንዳንዳችን ለራራንላቸው።»

ኢንጂነሩ ፈረሙ። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መቱት፤ የመጀመሪያው ቀለም አልያዘም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስንዱ ጡብን ይዛ ወደ እትዬ ማንጠግቦሽ ግቢ ገባች። ጋሽ ቱፋ ዘንጉን ይዘው ከኋላ ነበሩ፤ ቀልድ አልጀመሩም።

«እትዬ፣ ቤትዎ ከመስመሩ ውስጥ ነው። ከገባ ሦስት ዓመቱ ነው። አውቄ ነው የጻፍኩት። በላዩ ላይ አራት ልጆች ተኝተዋል፣ እኔ ደግሞ እንቁላል እየበላሁ እሄድ ነበር።»

እትዬ ማንጠግቦሽ እጃቸውን በመቀነታቸው ጠረጉ።

«ልጆቹ እንኳ እዚያ አልተኙም።»

«ምን አሉኝ?»

«ከጓሮው ክፍል ካወጣኋቸው ሦስት ዓመቴ። እዚያ የሚያድሩት ጫጩቶቹ ናቸው። ጫጩት ሻጭ ስንዝር መቁጠር አትችልም ብለሽ ነው? በዱላ እየለካሁ ግድግዳው ላይ አሰምር ነበር። በኖራው የምሸፍነው እሱንም ጭምር ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«አንቺ ለእኔ ብለሽ የጻፍሽውን እኔ ላፍርሰው? ከሥራ ቢያስወጡሽስ? ልጅ አለሽ እኮ።»

ስንዱ ነጩን ግድግዳ አየችው። ሦስት ዓመት ሙሉ እሷ ለእትዬ ማንጠግቦሽ፣ እትዬ ማንጠግቦሽም ለእሷ ሲሳሱ፣ ስንጥቁ ለማንም ሳይሳሳ ስንዝሩን ሲሄድ ነበር።

«ደጋው ላይ ሰው አላውቅም» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ላላ። «ጫጩትስ ብርዱን ይችለዋል?»

«እዚያ አጠገብዎ የምኖረው እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ ለመነሣት ያስመዘገብኩት የራሴን ቤት ነው። ደጋው ላይ ከእኔ ቀጥሎ ያለውን ቤት ለእርስዎ አስይዣለሁ።»

«አንቺም?»

«እኔም።»

እትዬ ማንጠግቦሽ ጫማቸውን አውልቀው አንድ እግራቸውን በማዕዘን ድንጋዩ ላይ አደረጉ። ስንዱ ጡብን ወደ ስንጥቁ አዞረችው። ከተጻፈው ላይ ዓይኗን ሳትነቅል ጮክ ብላ አነበበች።

«አሥራ አንድ ሜትር ከሃያ ሴንቲ።»

«ሰምቻለሁ» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ።

ጡብ መዘገበ። አላዘነም፣ አላጽናናም። በአረንጓዴ ፊደል «ቀጣይ ነጥብ» ብሎ ጻፈና ጠበቀ።

«ቆይ» አለችው ስንዱ፣ እንደማይሰማ እያወቀች። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ወደ ጓሮው ክፍል ገባች። እትዬ ማንጠግቦሽ የመፈልፈያውን ሣጥን በአንድ በኩል ይዘውት ነበር፤ ስንዱ በሌላው በኩል አነሣችው። ጋሽ ቱፋ ዘንጋቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው በሩን ያዙላቸው።