ለዋሽንቱ የተቃኙ ቫዮሊኖች

ሚኒባሱ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ መሐል ሜዳ ሲጓዝ፣ በኃይሉ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ተቀምጦ ነበር። መንገዱ ባንገጫገጨው ቁጥር ወደ ደረቱ ያስጠጋዋል። አጠገቡ ያለችው ወጣት ጥቂት ታገሠችና፣

«ሕፃኑ አይታፈንም?» አለችው።

«ማይክሮፎን ነው» አለ አፍሮ።

ሣቀች። እሱም ሣቀ። የምሥራች ትባላለች፤ መሐል ሜዳ የኮምፒዩተር መምህርት ናት።

ጊዜው የ2006 ዓ.ም. ጥቅምት ነበር። በኃይሉ አዲስ አበባ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የኮምፒዩተር ጌም እየሠራ ነው። በጌሙ ውስጥ አንዲት ልጅ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ደጋውን ታቋርጣለች። ዜማውን መድረስ የእሱ ድርሻ ነው። ቫዮሊንና ቼሎ የሚጫወቱለት ዐሥራ ሁለት የሙዚቃ ተማሪዎች አግኝቷል፤ የቀረው በገና ነበር።

«ታዲያ እኛ ቤት ነዋ የምትመጣው» አለችው። አባቷ አቶ ወልደ ጻድቅ በገና ደርዳሪ ናቸው፤ እሷንም አስተምረዋታል።

በማግስቱ አባቷ ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለሱ ደረደረችለት። በኃይሉ እየቀረጸ መሆኑን ረስቶ ጣቶቿን ሲያይ ቆየ። አቶ ወልደ ጻድቅ ገብተው ለምን እንደሚፈልገው ሲጠይቁት ግን ሳይደብቅ ነገራቸው።

«ልጄ፣ በገና ጸሎት ነው» አሉት ሳይቆጡ። «ለጨዋታ ዋሽንት አለልህ፣ መሰንቆ አለልህ። ይህን ግን ተወው።»

የምሥራች አንገቷን ደፋች። ሳታስፈቅድ መደርደሯ ከነከናት።

በኃይሉ ወደ ማረፊያው ሲመለስ ከሁለቱ ጓደኞቹ አንዱ አፈወርቅ ደወለ፤ የሆነውንም ነገረው። «ከቀረጽከው ምን ቸገረህ? ሽማግሌው ጌም አይጫወቱ፣ በምን ያውቃሉ?»

ነገሩ እውነት ነበር፤ አያውቁም። በኃይሉ ሲያወጣ ሲያወርድ አድሮ ጠዋት ትምህርት ቤቷ በር ላይ ጠበቃት።

«ትናንት የደረደርሽው እጄ ላይ አለ። አባትሽ አልፈቀዱም፤ እያየሽ ላጥፋው ብዬ ነው» አላት።

«ጓደኞችህስ?»

«ይቆጣሉ።»

ላፕቶፑን ከፍቶ አጠፋው። የምሥራች ባዶውን ስክሪን ሳይሆን እሱን ነበር የምታየው። ቀና ሲል ሁለቱም ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት አጡ።

«ፈረስ ትችላለህ?» አለችው በመጨረሻ።

«አልችልም።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ትማራለህ። ዋሽንት የሚነፋ ሰው አውቃለሁ።»

ቅዳሜ ከጓሳ ሣር ሜዳ እስኪደርሱ ፈረሱ ሁለት ጊዜ ጣለው። የሣሩ ጠባቂና ዋሽንት ነፊው ጋሽ ተገኘ ሁለተኛውን ከሩቅ አይተው ኖሮ፣ ሣቁ አላስነፋ ብሏቸው ብዙ ቆዩ። ዋሽንቱን ከንፈራቸው ላይ ሲያደርጉ ደግሞ ነፋሱ ማይክሮፎኑን አስጮኸው። የምሥራች ከኮርቻዋ ላይ የበግ ለምድ አንሥታ ማይክሮፎኑን ጠቀለለችበት። ነፋሱ ጸጥ አለ፤ ዋሽንቱ ብቻውን ቀረ። በኃይሉ በሥራው ዘመን እንደዚያ ያለ ድምፅ ይዞ አያውቅም።

ሰኞ በኮምፒዩተር ክፍሏ ዋሽንቱን በላፕቶፑ ካቀናበረው የቫዮሊን ድምፅ ጋር አስገጠመው። አልገጠመም።

«ትንሽ ዝቅ ብሏል፤ ላስተካክለው» አለና ማስተካከል ጀመረ።

«ዝቅ ያለው ከምን?»

«ከቫዮሊኖቹ።»

«ቫዮሊኖቹ ገና አልተቀረጹም። ጋሽ ተገኘን ከምታርም ለምን እነሱን አታርምም?»

በኃይሉ እጁን ከላፕቶፑ ላይ አነሣ። ያን ቀን ከዚህች ሴት ርቆ መሥራት እንደማይሆንለት ተረዳ።

ከዚያ ወዲህ መሐል ሜዳ ሳይመጣ የቀረበት ወር የለም። አንዴ የነፋስ ድምፅ፣ አንዴ የጭላዳ ዝንጀሮ፣ አንዴ የበረዶ ድምፅ ጎደለኝ ይላል። አቶ ወልደ ጻድቅ አንድ ቀን ልጃቸውን፣ «ይህ ልጅ አሁንም ድምፅ ነው የሚፈልገው? የመንዝ ድምፅ ያለቀ መሰለኝ» አሏት። የምሥራች ሣቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

በግንቦት የመጨረሻው ቀረጻ አዲስ አበባ ሲደረግ አባትና ልጅ ተጠርተው መጡ። በኃይሉ ለተማሪዎቹ የዋሽንቱን ቅጂ አሰማና ክራቸውን ሁሉ በዋሽንቱ ልክ አስቃኛቸው። አንዱ «እኛ ለገበሬ ዋሽንት?» ብሎ ቢያጉረመርምም ቃኘ። ከዚያ ዋሽንቱ ቀደመ፤ ቫዮሊኖቹ ቀስ ብለው ተከተሉት፤ ቼሎዎቹ ከሥር ገቡ። ያቺ የጌሙ ልጅ ደጋውን ስታቋርጥ የምትታይ ይመስል ነበር።

ሲያበቃ አቶ ወልደ ጻድቅ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ዜማው በገና አልፈለገም እኮ» አሉ ፈገግ ብለው። ሁለቱን አየት አደረጓቸውና፣ «እኔ ውጭ ፀሐይ ልሙቅ» ብለው ወጡ።

በኃይሉ ወደ እሷ ዞረ። «ሽማግሌ ልልክ አስቤያለሁ።»

«ለአባቴ?»

«ለአባትሽ።»

«እሳቸውማ እሺ ብለው እኮ ነው የወጡት። ያልተጠየቅሁት እኔ ነኝ።»

ተማሪዎቹ ቫዮሊናቸውን ወደ ሣጥኑ መክተት ተዉ። በኃይሉ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጠየቃት።

«እሺ» አለችው። «አዘገየኸው እንጂ።»

በጥር ተጋቡ። ኑሯቸውንም መሐል ሜዳ አደረጉ፤ እሷ ታስተምራለች፣ እሱ ዜማ ይደርሳል። መብራት የጠፋ ቀን ላፕቶፑን ይዘጋና ከትምህርት ቤት ሊቀበላት ይወጣል። መብራት ያልጠፋም ቀን ይወጣል።