የማራኪ ጥርስ

አቶ ድንበሩ በሩን ሲከፍቱ ፊታቸው ፈካ ብሎ ነበር።

«መጣሽ? ሦስት ቀን ሙሉ የባለቤቴ ድምፅ ሲቆራረጥ ነው የሰነበተው። ግቢና መስመሩን አጠንክሪልኝ» አሉ።

ወይንሸት ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች። የመጣችው ልትዘጋ እንጂ ልታጠነክር አልነበረም። በቆቃ ሐይቅ ላይ በተንሳፈፈችው ከተማ እድሮች ድንኳንና ወንበር እንደሚያቀርቡት ሁሉ ዘጊም ይልካሉ። ዘጊ የሟቹን ቅሪት ከኔትወርክ የሚያላቅቅ ባዳ ነው። ቅሪት ደግሞ የሰውዬውን ድምፅና ጠባይ አጥንቶ በላፕቶፕ ውስጥ የሚኖር ማሽን ነው። ይህን ሥራ የቤተሰብ እጅ አይነካውም፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅም የለም።

«ጋሽ ድንበሩ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ቀስ ብላ። «የመጣሁት ገመድ አልባውን ለማጥፋት ነው። ጥያቄ ደርሶን።»

«ከማን? እኔ አልጠየቅኩም።»

«ከእትዬ ዘርፌ።»

ሽማግሌው ጠረጴዛው ላይ ወደተከፈተው አሮጌ ላፕቶፕ ዞሩ። ባለቤታቸው እትዬ ዘርፌ ከሞቱ ስምንት ወር ሆኗቸዋል።

«እውነቷን ነው» አለች ቅሪቷ በሟቿ ድምፅ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት። ብነግርህ ትከለክለኝ ነበር።»

«አርባ ዓመት ከለከልኩሽ፤ መቼ ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ?»

ቅሪቷ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ተቆረጠ።

«ትናንት ምን አልኩህ? ማራኪ የመጀመሪያ ጥርሷ የወለቀ ቀን ጣሪያ ላይ ወረወርክላት አላልኩህም? እኛ እኮ ከተጋባን ጀምሮ እዚሁ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ነው የኖርነው። የምን ጣሪያ? ልጅስ መቼ ወለድን?»

ወይንሸት ብልሽቱን ታውቀዋለች። ቅሪቶች በኔትወርኩ እርስ በርስ ይማማራሉ፤ አንዳንዴ የአንዷ ትዝታ ወደ ሌላዋ ይፈሳል፤ መስመሩ ሲዘጋ የፈሰሰው አብሮ ይጠፋል።

«አውቃለሁ» አሉ አቶ ድንበሩ፤ የሚናገሩት ለወይንሸት ነበር። «ከመጀመሪያውም አውቃለሁ። ግን ጠዋት ጠዋት ስለ ማራኪ እጠይቃታለሁ፣ ትነግረኛለች። ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። ሒሳብ ይከብዳታል፤ እንደ እኔ።»

ወይንሸት ቦርሳዋን ካንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ካልተዘጋ በዓመት ውስጥ ከእኔ የሚተርፍ ነገር የለም» አለች ቅሪቷ። «የሰው ሁሉ ሚስት ነው የምሆነው።»

አቶ ድንበሩ ወንበር ስበው ተቀመጡ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አሉ።

«ዛሬ ምን እያደረገች ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ደብተር እየለበደች። ጠርዙ አልገጥም ብሏት ተናዳለች።»

«እሺ» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። «ዝጊው፣ ልጄ።»

ወይንሸት መጀመሪያ ዋይፋዩን ከስክሪኑ ላይ አጠፋችው። አፍታም ሳይቆይ ራሱ በራ። ደግማ አጠፋችው፤ ደግሞ በራ። ኔትወርኩ ሰው መልቀቅ አይወድም። አሮጌ ላፕቶፖች ግን ጎናቸው ላይ በጣት የሚገፋ ትንሽ ማጥፊያ አላቸው፤ በአዲሶቹ ላይ ቀርቷል። በጥፍሯ ገፋችው። ሰማያዊዋ መብራት ጠፋች።

«ድንበሩ፣ ምሳ በላህ?» አለች ቅሪቷ። ድምፅዋ ጥርት ብሎ ነበር።

«በልቻለሁ» አሉ፤ አልበሉም። «ማራኪስ?»

«ማራኪ ማናት?»

በማግስቱ አቶ ድንበሩ ወደ እድሩ ጽሕፈት ቤት ሄዱና በሟቾች መዝገብ ላይ «ማራኪ ድንበሩ፣ ሰባት ዓመት» ብለው አስጻፉ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ላልተወለደ ሰው አይለቀስም የሚል አንቀጽ በደንቡ ውስጥ ፈለጉ፤ አላገኙም። ድንኳኑ ተተከለ። ጎረቤት መጥቶ ሦስት ቀን ተቀመጠ፤ ወይንሸትም ወንበር ስታቀርብ ሰነበተች።